የአባቴ ማክሲማ

አባቴ ሌላ ሴት እንዳለችው ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ስሟም ማክሲማ ይባላል።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ የካቲት ነበር። ቤታችን ከኮተቤ መንገድ ወደ ተራራው በሚያስወጣው አቀበት ላይ፣ በባሕር ዛፍ መካከል ነበረች። አባቴ አቶ ቀጀላ አናጢ ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሣጥን ይሠራል። ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ መላጊያውን ሲገፋ ይውላል። ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው በአገጩ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዳሱ ውስጥ ወሬ ሰማሁ። አባቴ ብቻውን ነው የሚያወራው። ቋንቋው አማርኛ አይደለም። ኦሮምኛም አይደለም፤ ኦሮምኛ እኔም እሰማለሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። አባቴ መላጊያውን አስቀምጧል። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ጨብጦ ደረቱን ይመታል።

«ሜያ ኩልፓ» አለና አንዴ መታ። «ሜያ ኩልፓ» አለና ደገመ። ሦስተኛው ከበድ አለ፦ «ሜያ ማክሲማ ኩልፓ!»

ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

እኔ ደረቱን እየመታ የሚያለቅስ ወንድ ከዚያ በፊት ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ የሚወዳት ልጅ ለሌላ የተዳረችበት የጎረቤታችን ጎረምሳ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «ሜያ» ማለት «ወዮ» መሆን አለበት። ማክሲማ የሴትየዋ ስም ነው። ኩልፓ የአባቷ።

በዚያው ሰሞን አባቴ እሑድ እሑድ ከቤት መውጣት ጀመረ። ከዚያ በፊት እማዬ ነጠላዋን ለብሳ እኔን አስከትላ ወደ የካ ሚካኤል ስትሄድ እሱ «ቤት እጠብቃለሁ» ብሎ ይቀር ነበር። አሁን ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ እኛ ከሄድን በኋላ ይወጣል። ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ሲጠፋ እማዬ ቁልፉን ከበሩ ጉበን በላይ ማስቀመጥ ጀመረች።

የቀረውን የሰማሁት እትዬ የሺመቤት ግቢ ነው። እትዬ የሺመቤት ጎረቤታችንና የእናቴ የምስጢር ጓደኛ ነበሩ። እማዬን ሹሩባ እየሠሯት፣ እኔ ማበጠሪያውን ይዤ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የማልሰማ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ።

«ተመለሰ በይኛ?» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ተመለሰ። የሚደብቀኝ መስሎታል። ጂቱ እዚያ ሁልጊዜ ስለምትሄድ ነገረችኝ።» ጂቱ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ኮረዳ ናት።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረስቷት ነበር እኮ!»

«መች ረሳት? ለእኔ ሲል ተዋት እንጂ። ከእኔ በፊት እሷ ነበረች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት።»

«እና አሁን ደስ ብሎታል?»

«ምን ደስ ይለዋል! ተለውጣ ጠበቀችው። ፊቷን አዙራለች አሉ። ያንን የድሮ ቋንቋዋን ትታ በአማርኛ ሆኗል ነገሯ ሁሉ። ልብሷን እንኳ ሳይቀር አሳጥራለች።»

«ኧረ በስመ አብ! በስተርጅና?»

«ምን ላድርግ የሺዬ፣ እንዳልከለክለው ኃጢአት ይሆንብኛል። የሚያናድደኝ አለመንገሩ ነው።»

እኔ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

ቆይቼ ካደግሁ በኋላ፣ እዚያው ኮተቤ የአማርኛ መምህርነት ተማርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቤተ ክርስቲያን ‹እሷ› ተብላ ትጠራለች» እያልኩ ለተማሪ ሳስረዳ በእናቴና በእትዬ የሺመቤት ፊት የተቀመጠችው ልጅ ትዝ እያለችኝ ሳቄ ይመጣ ነበር። ያን ቀን ግን ገና ሰዋስው አልተማርኩም ነበር። ያወቅሁት ነገር አንዲት አጭር ቀሚስ የለበሰች አሮጊት አባቴን ልትወስደው መሆኑን ነው።

እውነቱ ይኼ ነው። አባቴ ወለጋ ነው የተወለደው። ወላጆቹ ሲሞቱበት የውጭ አገር ካህናት በሚሲዮናቸው አሳደጉት፤ አናጢነቱን ያስተማሩትም እነሱ ናቸው። በአገራችን በግዕዝ የሚቀድሱ ካቶሊኮችም ነበሩ፤ የአባቴ ግን የላቲኑ ነው። በሰባት ዓመቱ ካህኑ ወደ መንበሩ ዞረው፣ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ሲቀድሱ፣ ከኋላቸው ተንበርክኮ በላቲን ይመልስላቸው ነበር። አዲስ አበባ መጥቶ እናቴን፣ የማርያምወርቅን፣ ሊያገባ ሲል የዚያን ጊዜው ሽማግሌ ካህን «ወይ እሷ ወደ እኛ ትግባ፣ ወይ አንተ ከቁርባን ራቅ» አሉት። አባቴ እናቴን አልጠየቃትም። በሽማግሌ ፊት ሰማንያ ተፈራርሞ አገባትና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀረ።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ለማን ልንገር? አሰብኩ አሰብኩና ወደ አባባ ዱቤ ሄድኩ። አባባ ዱቤ የእናቴ አጎት፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሰማንያው ላይ ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱም እሳቸው ነበሩ።

«አባባ፣ አባዬ ሌላ ሴት አለችው» አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። «ማን ትባላለች?»

«ማክሲማ ኩልፓ።»

«ኩልፓ… ኩልፓ…» አሉ፤ በጦር ሜዳ የሚያውቁትን ሰው የሚያስታውሱ ይመስል። «የጣሊያን ዘር ሳትሆን አትቀርም።»

«አሮጊት ናት። አባዬን ያሳደገችውም እሷ ናት። ግን ልብሷን አሳጥራለች።»

አባባ ዱቤ ሦስት ጊዜ አማተቡ። «ይህ» አሉ፣ «በሕግም በሥርዓትም የለም።»

በሚቀጥለው እሑድ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከሚካኤል ቀረሁ። እማዬ እንደ ሄደች አባባ ዱቤ መጡ። የእድራችንን ዳኛ አቶ በዳዳንም ይዘዋል። አቶ በዳዳ ቀጭን፣ ረጅም፣ በማናቸውም ጉዳይ ላይ «ነገሩ ይጣራ» የሚሉ ሰው ናቸው። ሦስታችን የአባቴን ኮት ከሩቅ እያየን ተከተልን። አባባ ዱቤ ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ እየተሸጋገሩ በእጃቸው ምልክት ይሰጡናል፤ አቶ በዳዳ ግን ከሚደበቁባቸው ዛፎች ሁሉ ይረዝሙ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም።

ከመንገዱ ወጣ ያለች፣ ኖራ የተቀባች ቤት ደረሰና ገባ። ቆርቆሮዋ ላይ መስቀል አለባት።

«ዱቤ፣ ይኼ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ አቶ በዳዳ።

«እዚህ ነዋ የሚገናኙት! ድፍረቱን አየኸው?»

አባባ ዱቤ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። የሌላ ሰው ጫማ ባለመኖሩ ተጠራጠሩና አንስተው በብብታቸው ሥር ያዙት። ገብተን የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ከእኛ ሁለት አግዳሚ ፊት ነበር፤ ተንበርክኮ።

እኔ ማክሲማን መፈለግ ጀመርኩ። በነጠላ የተሸፈኑ ሴቶች አሉ፣ ጂቱም አለች። አጭር ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ግን የለችም። ከፊት ለፊት አንድ ወጣት ቄስ፣ ከድሮው ያጠረ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ከጠረጴዛ ኋላ ቆመው፣ እንደ ባለ ሱቅ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው ያዩናል። አባ ነገሳ ይባላሉ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ መጽሐፍ ባስቀመጡበት ቁጥር ይንገዳገዳል። በተንገዳገደ ቁጥር የአባቴ ትከሻ ይሸማቀቃል።

«ይኼ ቄስ ምን ያፈጥብናል?» አሉ አባባ ዱቤ በሹክሹክታ። «ዕቃ እንዳናነሣ ነው?»

ጸሎቱ ተጀመረ። ሰዉ ሁሉ በአንድነት ኃጢአቱን በአማርኛ ይናዘዛል። ከመካከላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ለብቻው ይሄዳል፤ ወፍራም፣ ቀስ ያለ፣ ሌላው ጨርሶ እንኳ ያልጨረሰ። የአባቴ ድምፅ ነው። እጁን ጨበጠ። ደረቱን መታ።

«ሜያ ኩልፓ… ሜያ ኩልፓ… ሜያ ማክሲማ…»

አግዳሚው ላይ ቆምኩ። «ሰማችሁ? ጠራት! ስሟን ጠራት!»

አባባ ዱቤ ጫማቸውን እንደ ታቀፉ ብድግ አሉ። «አቶ ቀጀላ! ሴትየዋን አምጣ!»

አባቴ ዞረ። እኔን አየ፣ ጫማውን አየ፣ አቶ በዳዳን አየ።

«የትኛዋን ሴትዮ፣ አባቴ?» አሉ አባ ነገሳ።

«ማክሲማን! የኩልፓን ልጅ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ጂቱ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ። አባ ነገሳ ከንፈራቸውን ነከሱ። አልሆነላቸውም። ድንገት ዞረው ጀርባቸውን ሰጡንና ግድግዳውን እያዩ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቆዩ። አባቴ ያንን አቋቋም ሲናፍቅ መክረሙን ባውቅ ኖሮ እንኳን ደስ ያለህ እለው ነበር።

ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አባቴ፣ ይቀመጡ። ቃሉ ላቲን ነው። ‹ሜያ ማክሲማ ኩልፓ› ማለት ‹እጅግ ታላቅ በደሌ› ማለት ነው።»

«ይኸው!» አሉ አባባ ዱቤ ወደ አቶ በዳዳ ዞረው። «በራሱ አንደበት አመነ!»

«ነገሩ ይጣራ» አሉ አቶ በዳዳ።

ቅዳሴው እንደ ምንም አለቀ። ሰዉ እየተነሣ ሲቆርብ አባቴ ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔ የቀረው በኔ አፍሮ መሰለኝ። በየእሑዱ እንደዚያው ተንበርክኮ ሌላው ሲቆርብ እያየ ይመለስ እንደ ነበር የነገረችኝ ጂቱ ናት፣ ብዙ ዓመት ቆይታ።

ከደጅ፣ ከአንድ ጥድ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ አባቴን አቆሙት። አባ ነገሳም መጡ።

«እሺ፣ ሴት ከሌለች በደሉ ምንድን ነው?» አሉ አባባ ዱቤ።

አባቴ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «ከቁርባን መራቄ ነው።»

«ማን አራቀህ?»

«እርስዎ ፊት የፈረምኩት ሰማንያ።»

ከዚያ እየቆራረጠ ተናገረ። በሕይወቴ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ከወር በፊት ወለጋ ያሳደጉት የድሮ ካህን በአገራቸው መሞታቸውን ሰምቶ፣ ነፍስ ይማር ለማለት ብሎ ገባ። ገብቶም መውጣት አቃተው። ግን ቤቱ ያ የሚያውቀው ቤት አልነበረም። ላቲኑ የለም። መንበሩ ተትቶ የተሰበረ ጠረጴዛ መጥቷል።

«አቶ ቀጀላ፣ ይህን ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?» አሉ አባ ነገሳ። «ዘንድሮ ከሮም ደብዳቤ መጥቷል። ከኦርቶዶክስ ጋር የሚደረገው ጋብቻ እንደ ድሮው አይደለም። ባለቤትዎ ሃይማኖታቸውን አይለውጡም። ፈቃደኛ ከሆኑ ጋብቻችሁን እባርካለሁ፣ እርስዎም ይቆርባሉ። በቃ።»

አባቴ የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«በቃ?» አለ። «እንዲህ በቀላሉ?»

«በቀላሉ።»

«እንግዲያው እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ከደጅ የቆምኩት ለምንድን ነው? ወይ ያኔ ልክ አልነበረችም፣ ወይ አሁን ልክ አይደለችም! እኔ የተመለስኩት ወደ ድሮዪቱ ነው፣ አባ።»

«የድሮዪቱ እኮ በሩን የዘጋችብዎት ናት።»

«ብትዘጋስ! እናቴ ናት!»

አቶ በዳዳ እንኳ ነገሩ ይጣራ አላሉም። አባ ነገሳ ወጣት ናቸው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። ቀና ብለው አዩትና «ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም» አሉ። «ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ግን አቶ ቀጀላ፣ ስለ ዐሥራ አንዱ ዓመት ይቅርታ ያድርጉልን።»

አባቴ ወደ ጥዱ ዞረና ቅርፊቱን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። ቄስ ይቅርታ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነበር። እኔ እንጨቱን የሚመረምር መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ እማዬ ከሚካኤል ተመልሳ ነበር። አባባ ዱቤ ሁሉንም በሥርዓቱ፣ እንደ ጦር ሜዳ ሪፖርት ነገሯት። ማክሲማ ላይ ሲደርሱ እማዬ ወደ እኔ አየች፤ ከአባቴ ኋላ ተደበቅሁ። ሲጨርሱ ግን እኔን ረስታ አባቴ ፊት ቆመች።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ።»

«እሺ ብልህስ ኖሮ?»

አባቴ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። «እሱን ነው ይበልጥ የፈራሁት። ለእኔ ብለሽ ሚካኤልን ልትተዪ ነው። ከዚያ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ምን ብዬ ዓይንሽን አያለሁ?»

እማዬ ነጠላዋን አጣፋች፣ መልሳ አጣፋች።

«አሁንስ ሚካኤልን ተዪ ይሉኛል?»

«አይሉም።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች። «ግን አጎቴ የሚለው እውነት ከሆነ፣ ቄሱ ፊቱን ያዙር። ካህን ወደ ምሥራቅ ይጸልያል እንጂ ሰው ያያል እንዴ?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ያኔ ግራ የተጋባ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሃይማኖቱ የለየችው የመሰለችው ሴት፣ በመላው ኮተቤ ነገሩ የገባት ብቸኛ ሰው መሆኗን ያየው ያን ጊዜ ነው።

ጋብቻቸው የተባረከው በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። አባቴ ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናዝዟል፤ አቶ በዳዳ ከውጭ ሆነው ይጠብቁ ስለ ነበር መጠኑን በሚገባ ይመሰክራሉ። እማዬ አዲስ ነጠላ ለብሳ መጣችና ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። አባባ ዱቤም አወለቁ። አባቴ አያቸውና ተንበርክኮ የጫማውን ክር ፈታ። አባ ነገሳ ለጥቂት ጊዜ በእግራችን ሁሉ ላይ ዓይናቸውን አንከራተቱና እሳቸውም አወለቁ።

«አባ» አለች እማዬ፣ «ጸሎቱ ወደ የት ነው?»

አባ ነገሳ ጠረጴዛውን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ እናቴን አዩ። ምንም ሳይናገሩ ዞረው መጡና ከእኛ ፊት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። አባቴ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያም በልመና ድምፅ፣ በላቲን እንዲሆንለት ጠየቀ። አባ ነገሳ አቧራ የጠጣ መጽሐፍ አወጡ። ቋንቋውን ተምረውታል፤ ግን ሦስት ዓመት ስላልነኩት ይደነቃቀፉ ነበር። በተደናቀፉ ቁጥር አባቴ ከኋላ ቀስ ብሎ ያርማቸዋል። አባባ ዱቤ «አሜን» የሚባልበትን ስላላወቁ ትንፋሽ በተወሰደ ቁጥር «አሜን!» ይላሉ።

በማግሥቱ እሑድ አባቴ ሊቆርብ ነው። እማዬ ለዚያ ቀን ብቻ ብላ አብራው ገባች። የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ አባቴ ገና «ዶሚኔ» ብሎ ሲጀምር እማዬ በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«ምን ማለት ነው?»

አባቴ ቆመ። አንዳንዱን ያውቃል፤ ይህን ግን በሰባት ዓመቱ በቃሉ ያዘው እንጂ ትርጉሙን ማንም አልነገረውም ነበር። መልስ ሲያጣ ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

«ጌታ ሆይ፣ ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ የተገባሁ አይደለሁም…»

አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ከዚያ ሄዶ ቆረበ። ሲመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ነበር አግዳሚውን ስቶ እትዬ የሺመቤትን ረገጣቸው፤ እሳቸው ማየት አለብኝ ብለው መጥተው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከመላጊያ ድምፅ ይልቅ የመዶሻ ድምፅ ቀሰቀሰን። ስንወጣ አባቴ ቤታችን ላይ ወጥቶ የዛገውን ቆርቆሮ ይነቅላል። ሚስማር በከንፈሩ ይዟል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች እማዬ።

«ጣራውን ልሥራው ብዬ።»

«በየክረምቱ ገንዳ ከአልጋዬ አጠገብ እየደቀንኩ፣ ያፈስሳል፣ ያፈስሳል ስልህ፣ ያናጢ ቤት እንዲህ ነው እያልክ አልነበር?»

አባቴ ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ከቤቴ ጣራ በታች ነው የሚለው» አለ፤ ያፈረ ይመስላል። «ስለ ጣራ መሆኑን እኔ ምን አውቄ።»

እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየችው።

«ምነው ይህንን አስቀድመው በአማርኛ ቢሉት ኖሮ!» አለችና ሄዳ መሰላሉን ያዘችለት።